የቦት ጫማ ዋስ

መቶ ሰማንያ ዶላር፣ ቀረጡን ሳይጨምር፣
ከፍዬ ገዛሁት፣ ኅዳር ሲጀማምር።
ዊኒፔግ በኅዳር ጥርሷን ትስላለች፣
ወንዟን አጠንክራ መንገድ ታደርጋለች።

በዳቦ ፋብሪካው፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣
ለሻይ ስንሰበሰብ፣ ማሽኑ ሲያበቃ፣
እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ አሳየሁ፦
«ይህ ነው ጫማ ማለት! ሌላውን ምን አየሁ!
ውሃ አያሳልፍ፣ በረዶ አይፈራ፣
ሃያ ዓመት ይኖራል፣ እንደ ድንጋይ ሥራ።»

ስንት ቀን አድርጌው?
ሦስት ቀን።
ከቤት እስከ ፌርማታ፣ ከፌርማታ እስከ በር።

እውነቱን ልናገር፦ ያኔ ያሞገስሁት
ጫማውን አልነበር፤ ኪሴን ነው ያጽናናሁት።
ሰው ውድ ሲገዛ አፉ ይከፈታል፤
ከፍሎ ሞኝ ከመባል ማሞገስ ይቀላል።

ማሪሴል ሰማችኝ። ሊጡ ዘንድ ነው ሥራዋ፤
ሁለት ልጅ፣ አንድ ደሞዝ፣ ያ ነው ኑሮዋ።
ምንም አልጠየቀች፤ በቃሌ ብቻ ሄዳ
ያንኑ ገዛችው፣ በሁለት ወር ዕዳ።

ጥር ገባ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
የኔ ሶል ተሰነጠቀ፣ ከተረከዙ ጀምሮ።
ሙጫ ቀባሁት። ዝም አልሁ።
የሷስ?
የሷን አልጠየቅሁም።

አንድ ሌሊት ግን፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣
ጎንበስ ብላ ቦቷን ስታወልቅ አየሁ፦
ከካልሲዋ በላይ የዳቦ ላስቲክ፣
የኛው ፋብሪካ፣ ስንዴው የተሳለበት፣
ቁርጭምጭሚቷ ላይ በክር የታሰረ።
ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች።
«ጥሩ ጫማ ነው» አለች። «ትንሽ ብቻ... ይበርዳል።»

ያን «ትንሽ» ተሸክሜ ወደ ምድጃው ሄድሁ።

በላ ልበልሃ ያሉ አባቶች
ዋስ ሳይጠሩ አፍ አይከፍቱም ነበር።
እኔ በሦስት ቀን እውቀት፣ ማንም ሳይጠራኝ፣
ለማላውቀው ቆዳ ዋስ ሆኜ ገባሁ።
ባለዕዳው ሲጠፋ ዋስ ነው የሚከፍል፤
ዋሱ ምድጃ ሥር፣ ከፋይዋ ማሪሴል።

በማግስቱ፣ በሻይ ሰዓት፣ ቆሜ ተናገርሁ፦
«ያ ያመሰገንሁት ጫማ ተሰንጥቋል።
ሁለት ወር ከአሥር ቀን፣ በየቀኑ አድርጌው።
ብርዱ ሲጠና ሶሉ ይደርቃል፤ ውሃ ያስገባል።
ስፌቱ ግን ደህና ነው፤ አንድ ክር አልተፈታም።»
ይኸው ነው ያልሁት። ሠሪውን ሌባ አላልሁም፤
ፊቱን አይቼው አላውቅ።

ቦህዳን ተቆጣ። እሱም ያንኑ አድርጓል።
«የኔ ምንም አልሆነ! መያዝ ነው እንጂ!
ቅባት ቀብተኸዋል?» ጆሮው ቀላ።
የነቀፍሁት ጫማውን፣ የታመመው እግሩ።
አወቅሁት ያን ቁጣ፤ በኅዳር የኔ ነበር።
«ያንተ ደህና ከሆነ እሰየው» አልሁት፤
«እሱንም እንስማ። በእግርህ ነው የምትመጣ?»
«በመኪና» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ሳቅ ሆነ። እሱም ሳቀ፣ ዘግይቶ።

ማሪሴል አልሳቀችም። ሻይዋን አስቀምጣ
ቦቷን አወለቀች፣ ከኔው ጎን አኖረች።
ስንጥቁ አንድ ቦታ፣ አንድ ልክ፤
በአንድ ቢላዋ የተቆረጠ ይመስል።
«ደረሰኙ አለኝ» አለች። «አንተስ?»

ቅዳሜ ሁለት ጥንድ ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን።
ሻጯ ልጅ፣ ገና አፍ ሳንከፍት፣
ትከሻዋን ሰበሰበች፤ ስድብ የለመደ ትከሻ።
«አንቺ አልሠራሽውም» አለቻት ማሪሴል፣ ከሁሉ በፊት።
ከዚያ ነገረቻት፦ ቀኑን፣ ብርዱን፣ ላስቲኩን፣
የስፌቱንም ደህንነት ሳታስቀር።
ልጅቱ ትከሻዋን ለቀቀች። ብዕር አነሳች።

አሁን ሌላ ቦት አድርጌያለሁ።
ፈረቃ ላይ አዲስ የመጣው ልጅ፣ ጫማዬን እያየ፣
«ጥሩ ነው?» አለኝ ትናንት።
«እንጃ» አልሁት። «አሥራ አንድ ቀኑ ነው።»