ካልሲ ባንድ እግር

ጠባሴ ከጋራዥ አጠገብ ካለች ቤት
ሦስት ወረቀት አለ ስም የሚጽፉበት፤
አንዱ የጫካ ዳር፣ ሁለት ሰዓት ሜዳ፣
አንዱ ወንዝ ተሻግሮ እስከ ዝግባው ጓዳ፣
ሦስተኛው ግን ሽቅብ፣ በእጅ በእግር ቧጥጦ፣
ጅብራ ዘብ እስኪታይ ከጉም ላይ አፍጥጦ።

መዝጋቢዋ ልጅ ወይንእሸት ትባላለች፣
እስክሪብቶ ነክሳ እንዲህ ጠየቀች፦
“ደረጃ ሲወጡ ስንተኛው ላይ ደርሰው
ስልክ ጠራኝ ይላሉ ኪስዎን ዳብሰው?
ዝናብ ያራሰውን ድንጋይ ያምኑታል ወይ?
ካልሲ ያጠልቃሉ ቆመው ባንድ እግር ላይ?”

“እንዴታ!” አልኳት። ከኋላዬ ቆሟል
አጥናፉ፣ የክፍሌ ልጅ፣ ዛሬም ኳስ ይጫወታል፤
ሰው ሲሰማ ደግሞ ጉልበት ይበረታል።
ሦስተኛው ላይ ጻፍኩኝ ስሜን እስከ አያቴ፣
ፊርማዬን ዘርግቼ፣ የገዛሁ ያህል ቤቴ።
ሃያ ሰባት ዓመት ብርድ ልብስ ቆጥሬ፣
ወንበሩ እኔን መስሎ፣ እኔ ወንበር ዞሬ፣
ዳገቴ ከደጄ እስከ ባጃጅ ሳለ
እጄ ሮጦ ጻፈ፤ አፌም “እንዴታ!” አለ።

ማታ ቤቱ ሲተኛ መብራት አብርቼ
ካልሲ ይዤ ቆምኩኝ አንድ እግሬን አንሥቼ።
አውራ ጣት ሲገባ ተረከዝ አመለጠ፤
እጄ ቁም ሳጥኑን እንደ ዋስ ጨበጠ።
“ሌባ ነው?” አለችኝ አሰገደች ባንና።
“ካልሲ ነው” አልኳት ከወለሉ ገና።

እሑድ በጠዋቱ ሚኒባስ ሲጫን
“ወይንእሸት” አልኳት፣ “ያንን…” “የትኛውን?”
“ሦስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ ዋሽቷል።”

አልሳቀችም እሷ። ሰርዛ ጻፈችው።
“ሁለተኛው ላይ ነዎት” ብቻ ነው ያለችው።
አጥናፉ ግን ሳቀ፦ “አልሸሹም፣ ዞር አሉ!”
ወንበሮቹም ጭምር የሚስቁ መሰሉ።

ጣርማበርን አልፈን፣ ጉም እየቀዘፍን፣
ወፍ ዋሻ አፋፍ ላይ ለሦስት ተከፈልን።
“ዳገት ትንፋሽ ነው የሚቀማው” አለን
ሸዋንግዛው መሪው፣ ዱላ እያደለን፤
“ቁልቁለት ነው እንጂ አጥንት የሚጠይቅ።
እግራችሁን ወደ ጎን፣ ጉልበት አጠፍ አርጉ፤
እርጥብ ሥር አትመኑ፣ ድንጋዩን ፈልጉ።”

ወረድን። ጉልበቴ እንዳሮጌ በር
ሲጢጥ እያለብኝ በየርምጃው ሲማከር።
ወንዙ ላይ ስንደርስ ስድስት ድንጋይ አለ፣
አምስቱ የታመኑ፣ አንዱ ያታለለ፤
እኔን አላገኘኝም፤ ከፊቴ ያለች ልጅ
ጫማዋን ሞላችው፤ ዘረጋሁላት እጅ።

ከዝግባው ሥር ገባን። ስድስት ሰው ብንያያዝ
እጃችን አልደረሰም ግንዱን አቅፎ ለመያዝ።
ጉሬዛ ካናት ላይ፣ ነጭ ካባውን ጥሎ፣
አየን፤ አየነውም፤ ሄደ ሌላ ዘሎ።
የለቀቀው ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ቆየ፤
እሱን ማን መዘገበው? ወረቀቱንስ ማን አየ?

ከላይ ፊሽካ ይሰማል፣ ጥሪም ይመጣል፤
ሦስተኛዎቹ ናቸው፤ ጉም ይውጣቸዋል።
ቀናሁ። ሁለት ጊዜ አልዋሽም። አንጋጥጬ
ጉሙን አየሁ ብቻ፣ በሶዬን በጥብጬ።

ማታ ስንገናኝ አጥናፉ አበራ፤
ፊቱ የልጅ ሆኗል ሲያወራ ስለ ጅብራ።
ደርሷል፤ እውነቱን ነው፤ ክርኑ ቢላጥም።
“እሰይ” አልኩት እኔም፣ ትንሽ ቆይቼም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቆሜ፣
ቁም ሳጥኑን በሁለት ጣት፣ ከዚያ ባንድ ብቻ፤
አሰገደች ትስቃለች ካልጋዋ ዳርቻ።
ግራው ገብቶልኛል፤ ቀኙ አስቸግሯል፤
ለጥቅምቱ ጉዞ ምዝገባ ተጀምሯል።
ወይንእሸት ብትለኝ “ስንት ይቀረዎታል?”
“አንድ ጣት” እላለሁ። እሱም ይቆጠራል።