አራት ቁጥር

ስድስት ባትሪ አለኝ፣ ቁጥር ያላቸው፣
በእህቴ የጥፍር ቀለም የጻፍኩባቸው።
ሁለቱ ከካሜራው ሥር፣ ከእጀታው ሆድ፣
የቀሩት አራቱ ከኔ ከራሴ ዘንድ።
የሞላው በቀኝ ኪስ፣ ከሹራቤ ውስጥ፣
ያለቀው በግራ ኪስ፣ ከውጪ ይቀመጥ፤
ሕጌ ይኸው ነው። እዚህ ሕግ የሌለው ሰው
ሙሉን ከባዶ ሲለይ ነው ጣቱን የሚያጣው።

አንድና ሁለት መንታ፣ በአንድ ቀን የተገዙ፣
እኩል የሚራቡ፣ እኩል የሚያግዙ።
አምስትና ስድስት፣ ከያኩትስክ ሱቅ በግማሽ ዋጋ፣
ለሠርግ አዳራሽ እንጂ አይሆኑም ለአደጋ።
ሦስትን አቻው ጠፍቶ ከአራት ጋር ዳርኩት፣
አራትን ስንት ጊዜ ልጥለው አሰብኩት!
ሲሞላ «መቶ ነኝ» ይላል ደረቱን ነፍቶ፣
ይተኛል ከዚያ ወዲያ ሃያ ፎቶ አንስቶ።

ማታ ከሱፍ ካልሲ ስድስቱን ከትቼ፣
ካልሲውን ከሆዴ አቅፌ ተኝቼ፣
ሲነጋ ሚቺል ባሌ፦ «እንዴት አደርሽ?
ዛሬስ ስንት ጫጩት ፈለፈልሽ?»

ይሳቅ። የራሱ መኪና፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣
ሌሊቱን ከደጅ ያድራል ጭስ እየተፋ፤
ካጠፋውማ እስከ ሚያዝያ ማን ሊያነሳው?
ለብረቱ ብልሃት፣ ለባትሪዬ ሳቅ ነው።

የዚያን ለት ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ ስምንት፣
ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር የሚሆንበት።
ከሌና ወንዝ ማዶ፣ ከኦሆኖን መንጋ፣
ፈረሶቹ በረዶውን በኮቴ ሲጭሩ ነጋ፤
ሽፋሽፍታቸው ነጭ፣ ጀርባቸው አመዳይ፣
ፀሐይም ለአፍታ ነው ከአድማስ የምትታይ።
አነሳሁ፣ አነሳሁ። አንድ አለቀ፣ ሁለት ተከተለ፣
አምስት አነከሰ፤ ስድስት፣
አርባ በመቶ እያለው፣ እልም አለ።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣ እጀታውን ከፍቼ፣
ሦስትና አራትን ወደ ውስጥ ከትቼ፣
አራት ወዲያው ሞተ። በቁሙ።
ሃያዋ ፎቶ እንኳ የለችም።

ሽማግሌው አየኝ። ሰባ አንድ ዓመቱ፣
ግማሽ ናት የግራ እጁ ትንሿ ጣቱ።
«ምንድን ነው?» አለ። «ነፍሱ የወጣች» አልኩት።
«ስጪኝ» አለ፤ ሰጠሁት።
ኮቱን ከፈተ፣ ሹራቡን ገለጠ፣
አራትን ከብብቱ ሸጎጠ።
«ውርንጭላም እንዲሁ ነው፣ በውርጭ ሲወለድ፣
የሞተ ይመስላል፤ አትቸኩዪ ለመፍረድ።»

ሦስት ብቻውን ታገለ፣ እስከ እኩለ ቀን።
ከዚያ መንጋው ወደ ጫካው፣ እኔ ወደ ሸርተቴው።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፎቶ፦
ጋማ፣ ኮቴ፣ የአፍንጫ እንፋሎት፣
ጅራት ላይ የተንጠለጠለ በረዶ።
ባለ ፈረሱ የለበትም። አንዱም ላይ የለም።

ዞር ስል ኦሆኖን ከበረቱ ቆሞ፣
አንድ ክንዱ ከጎኑ እንደ ማኅተም ታትሞ፣
በሌላው አጥር ያጠብቃል፤ ባትሪዬን ረስቷል፣
ክንዱ ግን አልረሳም፣ እንዳቀፈ ቆይቷል።

እጄን ዘረጋሁ።
ትኩስ ነው፣ ገና እንደ ወጣ እንቁላል፤
ላብ ላብ፣ ፈረስ ፈረስ ይላል።
ከተትኩት። ዘጠኝ በመቶ።

በመጀመሪያው ዓይኑን ጨፈነ።
በሁለተኛው «ፈረሶቹ ሄዱ እኮ፣
ምኑን ታነሻለሽ?» ሲል አፉ ተከፍቶ ቀረ።
በሦስተኛው አየኝ፤
መዝጊያው ቀጭ አለ፣ መስኮቱ ጠቆረ።

ሰባትና ስምንትን ገዝቻለሁ አሁን፣
ቀለሙ አልደረቀም ገና የቁጥራቸውን።
አራትን ግን ከቀኝ ኪስ አላኖረው፣ ውሸታም ነው፤
ከግራውም አልጥለው።
ከሹራቤ ውስጥ፣ ከክንዴ ሥር፣
ሦስተኛ ኪስ ሰፋሁለት።
ሚቺል መርፌውን አየ፣ ኪሱን አየ፤
ስለ ጫጩት ምንም አላለ።