የጉልበት ዋጋ

ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው፤
ድሮ ሰባት ነበር፤ ቁጥሩን ማን አስተዋለው?
ሰው እርምጃ መቁጠር የሚጀምር እግር ሲከዳው ነው።

ሐኪሙ በመጋዝ አሮጌውን ቆረጠው፤
በብረት በፕላስቲክ፣ በሙጫ አጣብቆ ለወጠው።
ሒሳቡ በፖስታ መጣ፤ ልጄ ትርሲት አነበበችው፦
«አባዬ፣ የጉልበት ዋጋ ይላል» ስትል ሳቅሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥጋ ፋብሪካው ወለል፣
ከቀዝቃዛ ሲሚንቶ ቆሜ አጥንት ከሥጋ ስነጥል፣
የጉልበቴን ዋጋ በሰዓት ይከፍሉኝ ነበር፤
ዛሬ የጉልበቴን ዋጋ እኔ ልከፍል! አይ ነገር።

ቢጫ ካልሲ አለበሱኝ ከሥሩ ጎማ ያለው፤
ቢጫ አምባር ከእጄ ላይ፤ «ይወድቃል» ማለት ነው።
ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ስወድቅ ስነሣ ኖሬ
በቀለም ታስሮብኝ አያውቅም እስከ ዛሬ።

ትርሲት ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ሽቦውን ሰበሰበች፣
ከመታጠቢያው ገንዳ ነጭ ወንበር አስቀመጠች፣
አውራ ጣት የምታህል መብራት ከኮሪደሩ ሰካች።
«ሌሊት ስትነሣ ጥራኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።
ከሥራ አራት ሰዓት ነው የምትገባው። አልጠራኋት።

በዐሥራ ዘጠነኛው ሌሊት፣ ክኒኑ ይሁን ኩራት፣ ወይ ሁለቱም፣
ባለአራት እግሩን ምርኩዝ ትቼ በግድግዳ ሄድሁ። አልደረስኩም።
ሰባተኛዋ ላይ አዲሱ ጉልበት ካደኝ፤
እንደ ተከራይ፣ «ቤቱ የኔ አይደለም» አለኝ።
ምንጣፉ ተነሥቷል፤ የጠበቀኝ ባዶ እንጨት ነው።
ትከሻዬ ቀደመ፤ ድምፁን እኔ ብቻ ሰማሁት መሰለኝ።

አልጮኽሁም። ጣራውን እያየሁ አዳመጥሁ፦
ፍሪጁ ያጉረመርማል። ልጄ ትተነፍሳለች።
በመስኮቱ ስንጥቅ ወንዙ ራሱ የተሰማኝ መሰለኝ።
ሱ ፎልስ ነው ከተማችን፤ ስሙም ከውኃው መውደቅ ነው፤
ሰው ከሩቅ ካሜራ ይዞ «አቤት ውበት!» የሚለው።
ውኃ ሲወድቅ ፓርክ ይሠሩለታል፣ አግዳሚ ያኖሩለታል፤
ሰው ሲወድቅ ግን ዙሪያውን ያያል፣
አቧራውን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም» ይላል።

እንዴት እንደተነሣሁ አልናገርም። ረጅም ነው።

ሐሙስ ለሕክምና ሄድሁ። ኦርቪል አለ፣ የበቆሎ ገበሬ፣
ግራውን በእኔ ሳምንት ያስቀየረ፤ አንገቱ እንደ በሬ።
ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ «ወደቅህ?» አለኝ።
ከየት ዐወቀ? «እኔ ሁለቴ» አለና ጠቀሰኝ፤
«ለሚስቴ በረዶ አዳለጠኝ ብያታለሁ።»
«በሐምሌ?» አልኩት።
እስኪያመን ሳቅን፤ እሱ ስፌቱን፣ እኔ ትከሻዬን ይዘን።

ብሬንዳ ሳቁን ሰማች፤ እጅጌዬን ገልጣ ሰንበሩን አየች፤
አልተቆጣችም። ከወለሉ ላይ ፍራሽ ዘረጋች።
«ዛሬ መራመድ የለም፤ ዛሬ የምንማረው መነሣት ነው።
ሳትጣደፍ ተንፍስ። በጎንህ ተገልበጥ።
በእጅህና በደህናው ጉልበትህ ዳኽ።
ወንበሩን ያዝ፤ ጤነኛውን እግር አስቀድም። አሁን ተነሥ።»
ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዳዴ ተምሬ ወጣሁ።
ከበሩ ስደርስ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦
የፈራ ይገትራል፤ የገተረ ይወድቃል።

ማታ ለትርሲት ነገርኳት። ዝም ብላ ሳህን አጠበች፤
አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፍራሿን አወጣች፣
ከኮሪደሩ መካከል፣ ከመንገዴ ላይ ተኛች።
ምንጣፍ ያነሣችው ልጅ ራሷን አነጠፈች።

ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው። ስድስተኛዋ ላይ እቆማለሁ።
«ትርሲት፣ ልለፍ» እላለሁ።
ዐይኗን ሳትገልጥ እጇን ትዘረጋለች። እይዛለሁ።