ድርብ ሞላ

ሕርማታ ገበያ፣ ከሬዲዮ ጠጋኙ ከጉደታ ጎን፣
አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ሞረድ፣ አንድ የተሰነጠቀ መነጽር፤
ይኸው ነው ሱቄ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው መዶሻዬ አይሰማም፣
አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ ደንበኛ አይመጣም።
እሷ ግን መጣች።

ሙኒባ፣ የአባ ፎጊ ልጅ። አቮካዶ አዳቃይ።
ጫማዋ የችግኝ ጣቢያ ጭቃ፣ ጥፍሯ እስከ ሥጋው የተሰበረ፣
ከመሐረብ ፈትታ ሰንጢ አኖረች፣ ከጣት የማትረዝም።
"የአባቴ ናት" አለች።
"ሠላሳ ችግኝ ስቆርጥ ሠላሳ ጊዜ በጥርሴ ነው የምከፍታት።"

ያዝኳት። የቀንድ እጀታ፣ በላብ የጠቆረ፣
ሦስት የነሐስ ችንካር፣ ከቀንዱ እኩል የተላሱ።
አውራ ጣቴን አሳርፌ ሳብኩ፤ እምቢ አለች።
ደግሜ ሳብኩ፣ ጥርሴን ነክሼ፤
እስከ ግማሽ መንገድ መጥታ፣ ሐሳቧን ቀይራ፣
ቀጭ! ብላ ተመለሰች፤ ከጣቴም ጥቂት ወሰደች።

ሰንጢ ቁልፍ የላትም፤ ይኼን ብዙ ሰው አያውቅም።
ጀርባዋ ላይ የተኛ አንድ ቀጭን ብረት፣
እሱ ነው ተከፈቺ የሚላት፣ እሱ ነው ተዘጊ የሚላት።
ከለዘበ፣ ኪስ ውስጥ ራሷን ከፍታ ጭን ትወጋለች፤
ከበረታ፣ ባለቤቷን በጥርስ ታስለምናለች።
አባ ዱራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሙያውን ሲያሳየኝ
"ሞላ ወጥ አይደለም" ይል ነበር፣
"ሲያንስ ጨው አትጨምርበትም፤ የሞረድከው ሄደ።"

"መፍታት ማጥፋት ነው" አልኳት።
"ችንካሩ ተቀጥቅጦ ነው የተዘጋው፤
ካልሞረድኩት አይወጣም፣ ከወጣ አይመለስም።
ሌላ እተካለሁ፤ ያ ግን የአባትሽ አይሆንም።"
ዝናቡን አየች።
"ችንካር ነው" አለች። "አባቴ አይደለም።"

ከጫፍ ጀመርኩ። የመሐሉ መጨረሻ ነው የሚነካው፤
ልጅ ሳለሁ፣ ምላጩ ግማሽ እንደተከፈተ እሱን መትቼ
ሞላው ተፈናጥሮ የጉደታን የሻይ ብርጭቆ ሰብሯል፤
ይኸው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።

ቀንዱ ሲላቀቅ፣
የደረቀ የዛፍ ወተት፣ የኪስ ብናኝ፣ ጤፍ የምታክል አሸዋ፤
ከዚያ ሞላው።
አንድ አልነበረም።
ከሆዱ ሥር ሌላ ተኝቷል፣ ሰማያዊ፣ ስስ፤
የሰዓት ሞላ ቁራጭ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣
እንደ አሮጌ ኤንትሬ ባሌስትራ፣ ድርብ።
ፋብሪካ ይህን አይሠራም። የሰው እጅ ነው፣
ማታ በኩራዝ፣ ዓይኑን አጥብቦ።

"ማነው ያጠነከራት?"
በመልስ ፋንታ ግራ እጇን ከፈተች፤
ሌባ ጣቷ ላይ፣ ከአንጓ እስከ አንጓ፣ ነጭ መስመር።
"ስድስት ዓመቴ ነበር። ሸንኮራ ልልጥ ብዬ።
ቁስሉ ሲጠግግ መልሼ ሰረቅኳት፤ አልከፈት አለችኝ።
ዛገች ብዬ ተውኳት።
እሱ ግን በአንድ አውራ ጣት ይከፍታት ነበር፣ ሳያያት።"
ትንሽ ቆየችና ሳቋ መጣ።
"የግድግዳ ሰዓታችንም በዚያው ሰሞን ቆመ፤
እናቴ ዕድሜ ልኳን ሰዓት ሠሪውን ስትረግም ኖረች።"

ሰማያዊዋን በጣቶቿ መሐል አጎበጠቻት፤
ለቀቀቻት፤ ቀጥ አለች።
"አልደከመችም" አለች፣ ለኔ አይደለም።
በመሐረቧ ቋጠረቻት።

አንዱን ሞላ ብቻ መለስኩ። ከሳይክል ራጂ ሦስት ችንካር ቆርጬ፣
አንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ቀጠቀጥኩ።
ከፈተች፤ ጠቅ። ዘጋች፤ ጠቅ።
አርባ ብር አልኳት፤ ሃምሳ ከፍላ በዝናቡ ሄደች።

በሳምንቱ ተመለሰች።
"ላልታለች" አለች።
አልላላችም፤ ሞክሬያታለሁ።
መሐረቡን ፈታ ሰማያዊዋን ሞርሳው ላይ አኖረች፣
ከቀሚሷ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ብላ
ሞረዶቼን፣ መዶሻዬን፣ የሞርሳውን አፍ
አንድ ባንድ በጣቷ ትነካለች።

ምንም አልተናገርኩም።
መነጽሬን አደረግኩ፤ ከጫፉ ችንካር ጀመርኩ።