ንባብ፣ ቦርከና ዳር

አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሐረጎ ጉም ለብሷል፣
ቦርከናም ከጎኔ፣ ማታ በዘነበው ጠጥቶ ደፍርሷል።
ደብተሬን ገልጬ ቁጢጥ አልኩ ከሥሩ፤
በሌሊቱ ብርድ ስንት ፀጉር እንዳጠረ ይናገር ቁጥሩ።
ስምንት ስስ ሽቦ ሆዱ ውስጥ ቀብሬ
ሁለት ክረምት ሞላኝ ትንፋሹን ቆጥሬ።
(አንዱን አይጥ በልታው ዝም ብሏል፤ ሰባት ናቸው ዛሬ።)

የድሮው ድልድይማ አፍ ነበረው፣ በየጫፉ የብረት ጥርስ፤
ከሚሌ በባቲ የመጣ ተሳቢ ሲደርስ
ቀጭ-ቋ! ቀጭ-ቋ! ይል ነበር፣ ውድቅት ሌሊት ሲታመስ።
ጋሽ ይመር፣ ዘበኛው፣ በዚያ ድምፅ ነው ያረጀው፤
ተኝቶ እንኳ ስንት ከባድ እንዳለፈ እሱ ነው የሚያውቀው።
በዚያው አፍ ግን ክረምት በክረምት ውሃ እየገባ፣
አሸዋ እየገባ፣ የጎማ ፍርፋሪ፣ የጫት ገረባ፣
ብረቱ ተበላ፤
ግንቡን ዝገት አለበሰው ወይባ።

ስለዚህ ሰፋሁት።
ወለሉን ከግንቡ በአንድ ብረት አሰርኩ፣ በአንድ ኮንክሪት ሞላሁ፤
መጋጠሚያ የለው፣ ጥርስ የለው፤ ተገላገልኩ አልኩ፣ ኮራሁ።

ጋሽ ይመር ቀና ብሎ አየና አገጩን አሸት አሸት፦
«አንቺ ልጅ፣ ቀን ሲሞቅ ይሄ ነገር ያብጣል፤
አፉን ከሰፋሽው ትንፋሹ በየት ይወጣል?»
«በጀርባው» አልኩት። «ሲሞቅ ግንቡ ወደ ኋላ አፈሩን ይገፋል፤
እግሩ ቀጭን ብረት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል።»
ዝም አለ።
የደሴ ሰው ሙቀትን በወረቀት ነው የሚያውቃት፣
ሳይለኝ አልቀረም በልቡ።

ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ከደሴ ወርዶ ባደረ ጠዋት፣
ሽቦዎቹ ሁሉ ደህና ሲሉኝ፣ ስሌቱም ልክ ሲመጣልኝ፣
«ነይማ» አለኝ።
ሃያ እርምጃ ወሰደኝ ከድልድዩ ርቆ፤
አስፋልቱ ላይ አንዲት መስመር፣ ክር የምታክል፤
በዚህና በዚያ ጎኗ ምስማር መትቶ ጠብቆ።
«ያባረርሽው ስንጥቅ፣ ልጄ፣ የትም አልሄደ፤
እዚህ መጥቶ ተኛ። ሃያ እርምጃ ብቻ ነው የተሰደደ።»
በክብሪት እንጨት ለካት፤ በጥፍሩ ምልክት አደረገ።
እኔም በካሊፐር ለካሁ።
ልዩነታችንን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ አንድ ዓምድ ጨምሯል፤
ከሙቀቱ፣ ከሽቦዎቹ ቀጥሎ፣ «የይመር ምስማር» ይላል።
የሚቀጥለውን ድልድይ ስሠራ፣ ከሐረጎ ሥር፣
ከጫፉ ሃያ እርምጃ ርቄ ነው መሳል የምጀምር።

ዛሬ፦ ሁለት ሚሊ ከሩብ። ጉሙ አልተነሣም።
አንድ ተሳቢ ከላዬ አለፈ መሰለኝ፤ ውሃው ላይ ጥላውን አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም።
ጋሽ ይመርም፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
አልቆጠረም።