ነጩ ቦታ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው፣
ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስም እቆጥራለሁ፣ የሰው።
አርባ ሺህ ካርድ አለ፣ ጠርዙ የጠወለገ፣
ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣ ቀለሙን ዝናብ የፈተገ።
ሥራሽ ምንድን ነው ለሚል እንዲህ ነው የምናገር፦
የተበተነን መፈለግ፣ የተገኘን መሣል ነገር፤
ቁጥር የሰለቸው ሹም፣ ገጽ መግለጥ የሚታክተው፣
ቆሞ በአንድ እይታ ሕመሙን እንዲያገኘው።

መጀመሪያ ያቆመኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣
በሽታ አልነበረም፤ ፊደል ነበረ ገና።
በሐመሩ «ሐ» ጻፍኩ፦ ሐሊማ። «የለችም» አለ።
በሃሌታው «ሀ» ብሞክር ሦስት ሀሊማ በቀለ።
በብዙኃኑ «ኀ» ደግሞ አንዲት ወጣች፣ ብቻዋን፤
የድጓ ተማሪ ነርስ ይሆን የጻፈው ስሟን?
ጆሮ አንድ ነች የሚላትን
ዓይን ሦስት ቦታ ቀበራት።

ሁለት ወር ፊደል ሳስታርቅ ከረምኩ፣
ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ»፣
ፀሐዩን «ፀ» ከጸሎቱ «ጸ» አዛመድኩ፣
እንደ አገር ሽማግሌ፣ ካሳ እንኳ ሳልቆርጥ።

ከዚያ ሥዕሉ መጣ።
ለወባው ቀይ፣ ለሳንባው ሰማያዊ፣ ለምጡ ቢጫ፤
ዓምድ በዓምድ አቆምኳቸው፣ ቀን በቀን፣ በየምርጫ።
ሰኞ ሰኞ ግን አንዱ ከሁሉ በላይ ይወጣል፤
ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰኞ እንደ ጥርስ ያገጣል።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግኝት ነበር የመሰለኝ።
የጽሑፉ ርእስ ሁሉ በሌሊት መጣልኝ።

ጋሽ ሙሄ፣ ካርድ ጠባቂው፣ እዚያው ክፍል የሸበተ፣
መነጽሩን በክር አስሮ ስክሪኑን ተመለከተ።
«ምንድን ነው ይህ አጥር?» አለ።
አስረዳሁት። ሳቀ፤ ሳቁም ቀስ ያለ፦
«ልጄ፣ በሽታ ሰኞን አይወድም። ሰኞን የሚወደው አይሱዙ ነው።
ሰኞ ገበያ ነዋ! በግ የጫነ መኪና
በበጎቹ መሐል በሽተኛ ይዞ ይመጣል፣ ሳይነጋ ገና።
ረቡዕ የታመመ፣ ሐሙስ የታመመ፣
ሰኞን ይጠብቃል፣ ከቻለ።
ካልቻለ
ካርድ የለውም።»

አፌ ደረቀ። ካርታውን ከፈትኩት።
በነጥብ የቀላው ሁሉ መንገድ ዳር ነበረ፤
ከኮምቦልቻ ሽቅብ በሐረጎ እየዞረ፣
ወደ ሐይቅ፣ ወደ ኩታበር፣ ጎማ እስከሚሄድበት።
ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፤ አንድ ነጥብ የሌለበት።
ያን ነጭ «ዝቅተኛ ሥርጭት» ብዬ ጽፌበት ነበር፣
በቆንጆ ፊደል፣ መሐል ለመሐል።

ጋሽ ሙሄ ጣቱን ነጩ ላይ አኖረ።
«እዚህ ነው የተወለድኩት። ስድስት ነበርን» አለ፤
ሌላ አልተናገረ።

ያኔ አንዲት እናት በመስኮቱ ብቅ አለች፤
የልጇ ካርድ ቁጥር ጠፍቷት እጇን ታፍተለትላለች።
እኔ ስሙን ብመታ ዘጠኝ ልጅ ተሰለፈ፤
እሱ ግን ጠየቃት፦ «ማን ነበር ያመጣው?
ዘንቦ ነበር? በምን ጠቅልለሽው ነበር?»
በጋቢ፣ አለችው፣ ባባቱ ጋቢ።
ገባ። ወጣ። ካርዱ እጁ ላይ ነበር።
ይህን ጥያቄ የት ሳጥን ውስጥ እንደማኖረው
እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ነጩን ግራጫ ቀባሁት።
ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ጉም መሰለ፤
ከሩቅ ላየው ሰው ስክሪኑ የቆሸሸ።
መግለጫው ላይ፣ ከቀዩ ከቢጫው በታች፣ እንዲህ አልኩ፦
«ግራጫ፦ ሰኞ ያልደረሰላቸው።»
አማካሪዬ በቀይ «ምንጭ?» ብሎ ጻፈበት።
ሁለት ሳምንት ሆነው፤ መልስ አልሰጠሁበት።

ዛሬ ሰኞ ነው። ታች በሩ ጋ በግ ይጮኻል።
ጋሽ ሙሄ ባዶ ካርዶቹን ደርድሯል፣ ብዕሩን ይሞክራል።
እኔም የሚወርዱትን በመስኮት እቆጥራለሁ፤
ቆጥሬም ስጨርስ
መኪናውን አያለሁ፣ የመጣበትን።