ልክ

ሰባት ዓመት ሙሉ በሹል ጫማ ቆምኩ፣
ችሎት ሲሰየም፣ ችሎት ሲነሣ፤
መዝገብ ታቅፌ ከክፍል ወደ ክፍል፣
ትንሿ ጣቴ ጎረቤቷን ስትገፋ፣ ጎረቤቷም ሌላዋን፣
አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጨናነቁ አምስት ባለጉዳዮች።

ሻጩ ያኔ ምን አለኝ? «ቆዳ ነው፣ ይለቃል።
አንድ ሳምንት ታገሥ፣ ሲውል ሲያድር ይሰፋል።»
ዋለ። አደረ። ሰባት ክረምት አለፈ።
ጫማው እንዳለ ነው፤ የለቀቀው እግሬ፣
የተጣመመው እግሬ፣ ይግባኝ የሌለው እግሬ።

አንድ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣
ጠረጴዛ ሥር ማሰሪያ ፈትቼ ተረከዜን ሳወጣ
ልክ ልኬን ነገረኝ፦
«አርባ ሁለት ነው አልክ፣ እሺ አልኩ፤
ርዝመቴን ነው የተናገርከው።
ወርዴን ማን ጠየቀኝ?»

ፒያሳን ዞርኩ። አረብ ሰፈርን ዞርኩ።
«ታኮ የሌለው፣ ሶሉ ስስ፣ አፍንጫው ሰፋ ያለ፣
ግን ለሥራ የሚሆን፣ ጥቁር፣ ጨዋ» እላለሁ።
አንዷ ሸራ ጫማ ታወርዳለች፤
አንዱ እንደ እንቁራሪት እግር ጣት ጣቱ የተለየ ነገር፣
«ይሄ ለጂም ነው ወንድሜ»፤
ሦስተኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣
«ሰፊ? ሰፊ የጡረተኛ ነው።»

በሸራ እንዳልሄድ ወይዘሮ አስካለች አሉ፣
ሰብሳቢ ዳኛ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው
ከሰው ፊት በፊት የሰው ጫማ የሚያዩ።
አምና ቀጭን ትእዛዝ አውጥተዋል፦
«ችሎት የሚገባ ችሎት ይምሰል።»
ቀጭን ትእዛዝ፣ ወፍራም ሶል።

ይኸ ደግሞ ሐዋሳ ነው፣ ሜዳ!
ከታቦር በቀር ሽቅብ የሌለው፤
ሐይቁ ራሱ ያለ ታኮ የተኛ።
እኔ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብዬ
ማንን ልይ? በማን አጥር ላይ?

ሎምቤቦን ያገኘሁት መነኸሪያው ጀርባ ነው፣
የቢራ ስም የተጻፈበት ጃንጥላ ሥር።
የድሮ ማስታወቂያ ገልብጦ አነጠፈ።
«ካልሲህን አውልቅ። ቁም። እንዳትደገፍ፣ ቁም።»
በእርሳስ እግሬን ሲዞረው ኮረኮረኝ፣
ሳቅሁ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የመዝገብ ቤት ሰው፣ መንገድ ላይ።
ከዚያ አሮጌውን ጫማ ሥዕሉ ላይ አስቀመጠው።
ሁለታችንም ዝም አልን።
«ይህን ሁሉ ዓመት» አለኝ፣
«የተረፈውን ሥጋ የት ነበር የምታስቀምጠው?»

ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ሁለቴ ቀጠረኝ፣ ሁለቴ ዋሸኝ፤
አንዴ «ገበር ጠፋ»፣ አንዴ «ልጄን አመመው»።
ቀጠሮ መስጠት የእኔም እንጀራ ነውና አልተቆጣሁም።

ሲያወጣው ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ ስፌቱ ቁጥብ፤
ከላይ ለሚያይ ዳኛ ሙሉ ጨዋ ጫማ።
ከታች ግን፣ በእኔና በመሬት መካከል፣
ከመዝገብ ሽፋን የማይወፍር ቆዳ።
አፍንጫው፣ እውነት ለመናገር፣ ዳቦ ይመስላል፤
ሱሪዬ ሸፈነልኝ።

ሰኞ ችሎት ገባሁ። ወይዘሮ አስካለች መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ፤
አዩ። ከፍ አደረጉ። «ቀጣይ መዝገብ።»
በቃ፣ ይኸው ነበር ፍርዱ።
እኔ ግን ወለሉን ያን ቀን አወቅሁት፦
ከበሩ ሦስተኛዋ ንጣፍ ትነቃነቃለች፤
ምስክር የሚቆምበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፣
ስንቱ ሰው እውነቱን ወይ ውሸቱን ሲናገር
ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ሲያዛውር ኖሯል።

ማታ ወደ አቶቴ ስሄድ ዝናብ ወረደ።
መንገደኛው እግሬ አውጪኝ ብሎ በረንዳ ገባ፤
እኔም ልሮጥ ነበር፣ እግሬ ግን አልወጣም አለ።
ስስ ሶል አይዋሽም፣ ውሃው ገባ፤
ሎምቤቦ ይህን አልነገረኝም፣
ወይ ነግሮኝ አልሰማሁትም።
ቆምኩ፣ ካልሲዬ ረጥቦ፣
አምስቱም ጣቶች ተራርቀው፣ እያንዳንዱ በየወንበሩ፤
ጠጠሩ፣ የወደቀው የሾላ ፍሬ፣ ገና ያልበረደው አስፋልት
ተራ በተራ
ቃላቸውን ሲሰጡ ሰማሁ።